ሎሚ አሳ አያበስልም፣ ሩዝም ውጭ አያድርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁን ባለቤቴ ከሀበሻ ሱቅ ከእንጀራው ጋር ይዛልኝ ትመጣለች፣ እኔም እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የማነበው የምግቡን ገፅ ነው፣ ፖለቲካው የትም አይሄድም ይጠብቀኛል። ባለፈው እትማችሁ ሱሺ የሚሉትን አይነት የሳልመንና የሩዝ ጥቅልል ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰራ ያወጣችሁትን ሳይ ደስ አለኝ። ለምን መሰላችሁ፣ እኔ እዚህ ሲያትል አንድ ግሮሰሪ ውስጥ አሳ ክፍል ነው የምሰራው፣ ዘጠነኛ አመቴን ይዣለሁ፣ እና አንድ ሀበሻ መጥቶ በረዶው ላይ የተደረደረውን እያሳየኝ "ወንድሜ ልጆቹ ሱሺ ካልሰራህልን ብለው ነው፣ ይሄ ጥሬውን ይበላል?" ሳይለኝ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። የብዙ ቤት ጥያቄ ነው ማለት ነው።

ግን አንብቤ ስጨርስ ራሴን ያዝኩ። ፅሁፉ ሳልመኑን በሎሚ አሽታችሁ ሩብ ሰአት ብታስቀምጡት ሎሚው ያበስለዋል ይላል። ሩዙ ማታ ይቀቀልና ጠረጴዛ ላይ አድሮ ጠዋት ለልጆቹ ይጠቀለላል ይላል። ባስማቲ ሩዝ ተጠቀሙም ይላል፣ እሱ እንኳን ማንንም አይጎዳም፣ ያናድዳል እንጂ። ፅሁፉን ያዘጋጀችውን እህታችንን ለማሳፈር አይደለም የምፅፈው፣ እኔ ራሴ ከዚህ የባሰ አጥፍቻለሁ እነግራችኋለሁ፣ ግን ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር እናቶች ቆርጠው ፍሪጅ ላይ ነው የሚለጥፉት፣ ስለዚህ ሳይቆይ ቢታረም ብዬ ነው።

ከሎሚው ልነሳ። ሎሚ አሳ ላይ ሲያርፍ አሲዱ ፕሮቲኑን ይለውጠዋል፣ ስጋው ይነጣል ጠንከር ይላል፣ ላየው ሰው የበሰለ ነው የሚመስለው። ውስጡ ትል ካለ ግን ትሉ ሎሚውን ከምንም አይቆጥረውም። ስለ ትል ለእኛ ማስረዳት ደግሞ ለቀባሪ ማርዳት ነው፣ ጥሬ ስጋ በልተን ኮሶ ስንጠጣ የኖርን ህዝብ ነን እኮ! አሳም የራሱ ኮሶ አለው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚወጣ የዱር ሳልመን በጥሬው ከተበላ ሰው አንጀት ውስጥ ገብቶ ሜትሮች የሚረዝም ኮሶ ሊያስይዝ ይችላል፣ የከብቱ ኮሶ ዘመድ ነው። ሌላ ደግሞ አኒሳኪስ የሚባል ክር የመሰለ ቀጭን ትል አለ፣ ህይወት ካለው ጋር ከተበላ ጨጓራ ወይም አንጀት ግድግዳ ላይ ይተከልና ሰውየውን በቁርጠት ያንከባልለዋል። እኔ አሳ ስበልት አየዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ ሆዱ አካባቢ እንደ ሰአት ስፕሪንግ ተጠቅልሎ ነው የሚተኛው፣ በወረንጦ ነቅዬ እጥለዋለሁ። አሳው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ባህር ውስጥ ሌላ ፍጥረት እየበላ ያደገ ነገር ነው። ከበሰለ ይሞታል፣ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ታዲያ ሱሺ ቤቶቹ ጥሬ የሚያቀርቡት እንዴት ነው ትሉኝ ይሆናል። በማቀዝቀዝ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድሃኒት መስሪያ ቤት ለጥሬ የሚቀርብ አሳ ያስቀመጠው መለኪያ አለ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በሚበርድ ቦታ 7 ቀን፣ አለበለዚያ ከዜሮ በታች 35 ላይ እንደ ድንጋይ ከደረቀ በኋላ 15 ሰአት። ቤታችን ያለው ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ የሚሞላው ከዜሮ በታች 18 ላይ ነው፣ እሱም በሩ እየተከፈተ እየተዘጋ፣ ልጆቹ አይስክሬም ፍለጋ እየገቡ እየወጡ። ስለዚህ "እኔ ቤቴ ሁለት ቀን ፍሪዝ አድርጌዋለሁ" የሚለኝን ደንበኛ አብስለህ ብላ ነው የምለው። "ሱሺ ግሬድ" የሚል ወረቀት ካያችሁ ደግሞ እዚህ አሜሪካ ይሄ ቃል በህግ የተተረጎመ ነገር አይደለም፣ ሻጩ ነው የሚለጥፈው፣ ስለዚህ ወረቀቱን ከማመን ሻጩን "በስንት ዲግሪ ስንት ቀን ቆየ?" ብላችሁ ጠይቁት፣ የሚያውቅ ከሆነ ይመልሳል፣ ካላወቀ ፊቱ ይነግራችኋል።

ጃፓኖቹ ራሳቸው ይሄን ነገር ያውቁታል። ሰው ሁሉ ሳልመን ሱሺ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል፣ አይደለም። ጃፓን ሳልመን የሚበላው በጨው ተይዞና ተጠብሶ ነበር፣ ጥሬውን ትሉን ፈርተው አይነኩትም ነበር። ጥሬ ሳልመን ያስለመዷቸው ኖርዌዮች ናቸው፣ እኤአ በ1980ዎቹ አጋማሽ እርባታ ላይ ያለው ሳልመን በዝቶባቸው ገበያ ሲፈልጉ "ፕሮጀክት ጃፓን" ብለው ዘመቻ ጀመሩ፣ የእርባታው አሳ የሚበላው የተፈበረከ መኖ ስለሆነ ትሉን የሚያገኝበት መንገድ የለውም ብለው። ጃፓኖቹን ለማሳመን አመታት ፈጀባቸው፣ ዛሬ ግን የልጆቻችን ሱሺ ማለት ሳልመን ማለት ሆኗል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ስራ ከጀመርኩ ከአመታት በኋላ ነው፣ በጣም ነው የገረመኝ።

የእርባታና የዱር ነገር ከተነሳ አይቀር ስለ ቀለሙም ልናገር፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው "ይሄ ቀለም ተቀብቷል" ብሎ ትቶ ይሄዳል። ቀለም በብሩሽ የሚቀባ ማንም የለም። የዱሩ፣ በተለይ ሶካይ የሚባለው፣ እንደ ቀይ ስር የሚቀላው የሚበላቸው ጥቃቅን የባህር ፍጥረቶች ውስጥ ካለ አስታዛንቲን ከሚባል ነገር ነው፣ የእርባታው ደግሞ ያንኑ አስታዛንቲን በመኖው ያገኘዋል፣ ባይጨመርለት ግራጫ ነገር ነበር የሚሆነው። ለጥቅልል የቱ ይሻላል ካላችሁኝ የእርባታው አትላንቲክ ሳልመን ስብ አለው፣ ትንሽ ብታሳልፉትም አይደርቅም። ሶካይ ጣእሙ ይበልጣል ግን ስቡ ትንሽ ነው፣ ስልክ ላይ ሁለት ደቂቃ ካወራችሁ ደርቆ ይጠብቃችኋል። የቆርቆሮ ሳልመንም አትናቁ፣ እዛው ቆርቆሮው ውስጥ የበሰለ ነው፣ አጥንቱም ለስልሶ ይበላል ካልሲየም አለው። ከማዮኔዝ ጋር ደቆስ አድርጋችሁ ብትጠቀልሉት ልጅ ልዩነቱን አያውቅም፣ አዋቂ ያውቃል ግን ዝም ይላል።

አሁን ወደ አሰራሩ። አንድ ፓውንድ፣ ማለት 450 ግራም ገደማ ፊሌ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል። አንድ ነገር ልለምን፣ አሳውን ሲንክ ውስጥ አትጠቡት። አውቃለሁ ይከብዳል፣ ዶሮ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ አጥባ ያሳደገችን እናት ልጆች ነን፣ ግን ፊሌ የተበለተና የፀዳ ነው፣ ስታጥቡት ውሃው እየተረጨ ጀርሙን ሲንኩና ሳህኑ ላይ ያዳርሰዋል፣ አሳውም ውሃ ይይዝና አይጠበስም ይቀቀላል። በወረቀት ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁት፣ ይበቃል። እጃችሁን ላዩ ላይ ወዲህና ወዲያ ብታስኬዱት እሾሁ ይሰማችኋል፣ በወረንጦ ያዘነበለበትን አቅጣጫ ተከትላችሁ ሳቡት፣ ለልጅ የሚሰራ ከሆነ ይሄን አትዝለሉ።

ከዚያ ጨው፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት፣ ካማራችሁ ጫፍ ጫፉን ሚጥሚጣ፣ ትንሽ ሶይ ሶስ፣ ኦቭን 400 ፋራናይት ላይ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ። ውፍረቱ ስለሚለያይ ደቂቃ ብቻ አትመኑ፣ ወፍራሙ ጋ ሹካ አስገብታችሁ ጠመም ስታደርጉት በንብርብሩ ከተላቀቀ በስሏል፣ ቴርሞሜትር ካላችሁ መንግስት የሚለው መሀሉ 145 ፋራናይት ነው፣ በሴንቲግሬድ 63። ላዩ ላይ ነጭ እርጎ የመሰለ ነገር ሲወጣ አንዳንዱ ይደነግጣል፣ ፕሮቲን ነው፣ እሳቱ በርትቶ ወይም ቆይቶ ነው የሚወጣው፣ ይበላል። ሎሚ ከወደዳችሁ እዚህ ላይ ጭመቁበት፣ ከበሰለ በኋላ ሎሚ ለጣእም ነው ማንም አይከለክላችሁም። የበሰለውን በሹካ ፈርፈር አድርጋችሁ ከትንሽ ማዮኔዝና ከሚያቃጥል ነገር ጋር አላውሱት። ሲራቻ ይሉታል እነሱ፣ እኛ ቤት አዋዜ ነው፣ በዘይት ለስለስ ያለ አዋዜ ከማዮኔዝ ጋር ሞክሩና ንገሩኝ።

ሩዙ ላይ ስደርስ የገዛ ጥፋቴን ልናገር ቃል ገብቻለሁ። ልጄ እኤአ በ2021 ነው ይሄን ጥቅልል የለመደችው፣ ቲክቶክ ላይ አንዷ የተረፈ ሳልመንና ሩዝ ከማዮኔዝና ከሶይ ሶስ ጋር አደባልቃ ኖሪ በሚባል የደረቀ የባህር ቅጠል እየጠቀለለች ስትበላ አለም ሁሉ አብሯት በላ፣ የእኔም ልጅ። ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት ለአንድ የምርቃት ድግስ እኔ እሰራለሁ አልኩ፣ አሳ ሻጭ አይደለሁ፣ ጉራ ያዘኝ። ከሰማንያ በላይ ጥቅልል ለመስራት ሩዙን ማታ በትልቁ ብረት ድስት ቀቅዬ ክዳኑን ከድኜ ምድጃው ላይ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ለብ ያለ ነበር፣ እንዲያውም ደስ አለኝ ለመጠቅለል ይመቻል ብዬ። አሳውን ያን ቀን ጠዋት ነው የጠበስኩት፣ በበረዶ ነው ይዤ የሄድኩት፣ ለአሳው እንደ ህፃን ነበር የተጠነቀቅኩት። በበላን በሁለት በሶስት ሰአት ውስጥ አምስት ሰው ማስመለስ ጀመረ። ሰው ሁሉ "አሳው ነው" አለ፣ እኔም አሳው ነው ብዬ አፈርኩ፣ ቤቴ ገብቼ ስልክ እያጠፋሁ ተቀመጥኩ። ማታ ባለቤቴ አንድ በአንድ ስትደውል ግን ከአምስቱ ሁለቱ አሳ የሚባል ነገር አፋቸው የማይገባ፣ አቮካዶና ካሮት ያለውን ብቻ የበሉ ሆኑ! አሳውን የበላውንም ያልበላውንም ያገናኘው ሩዙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጥሬ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ዘር ይኖራል፣ ዘሩ ቢቀቀልም አይሞትም። ሩዙ ተቀቅሎ ለብ ባለ ሙቀት ላይ ሲቀመጥ ይነቃና ይራባል፣ መርዝም ያወጣል፣ መርዙ ደግሞ ድጋሚ ብታሞቁት አይጠፋም፣ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ "በደንብ አሙቄዋለሁ" ካልን ሁሉ ነገር የታጠበ ይመስለናል። ደንቡ ቀላል ነው፣ የተቀቀለ ሩዝ ከ2 ሰአት በላይ ውጭ አይቀመጥም፣ የሚቆይ ከሆነ ሰፋ ባለ ትሪ ላይ ስስ አድርጎ ዘርግቶ አቀዝቅዞ ቶሎ ፍሪጅ ማስገባት ነው። ትልቅ ድስት ሙሉ ሩዝ እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ብትከቱት መሀሉ ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ነው የሚያድረው። ሱሺ ሩዝ ላይ የሚጨመረው አቼቶም ለጣእም ብቻ አይደለም፣ አሲዱ ባክቴሪያውን ያዘገየዋል፣ ሬስቶራንቶች በመሳሪያ ለክተው ነው የሚጠቀሙበት። እኛ በማንኪያ ገምተን የጨመርነው ግን ዋስ አይሆንም። ይሄን የምለው አንድ አንባቢ "አሲድ አይሰራም ካልክ አቼቶ ለምን ትጨምራለህ?" እንዳይለኝ ነው፣ ባክቴሪያና ትል አንድ አይደሉም።

የትኛው ሩዝ? ባስማቲ ቅንጣቱ እንዲለያይ የተፈጠረ ሩዝ ነው፣ ለሱ ነው የምንወደው። ጥቅልል ውስጥ ስታስገቡት ግን እንደ ንፍሮ ይበተናል፣ ልጅ ሁለቴ ነክሶ ቀሪው ጭኑ ላይ ነው። የሚፈለገው አጭር ወይም መካከለኛ ቅንጣት ያለው ነው፣ እዚህ አገር ካልሮዝ የሚባለው የካሊፎርኒያው በየሱቁ አለ ዋጋውም አይጎዳም። ሁለት ኩባያ ሩዝ ውሃው እስኪጠራ አራት አምስት ጊዜ እጠቡት (መታጠብ ያለበት አሳው ሳይሆን ይሄ ነው)፣ ግማሽ ሰአት ዘፍዝፉት፣ አጥሉትና ሁለት ኩባያና ሩብ ያህል ውሃ ጨምራችሁ አፍሉት፣ ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከድናችሁ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ እሳቱ ጠፍቶ ሳይከፈት 10 ደቂቃ። ማየት ያጓጓል፣ አትክፈቱት። ሩብ ኩባያ የሩዝ አቼቶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ለብ አድርጋችሁ አሟሙታችሁ ትኩሱ ሩዝ ላይ አፍስሱና በእንጨት ማንኪያ እየቆረጣችሁ አዋህዱት፣ ካሸታችሁት ገንፎ ይሆናል። ስኳሩን የማይወድ ሰው የኮሪያዎቹን መንገድ ይያዝ፣ እነሱ ኪምባፕ የሚሉት ጥቅልል ላይ አቼቶ የለም፣ የሰሊጥ ዘይትና ጨው ብቻ ነው። እኔ ቤት ድምፅ ቢሰጥ የኮሪያው ያሸንፋል፣ የሰሊጥ ሽታ ለእኛ ሰው ይቀርበዋል።

መጠቅለሉን እንደ ትልቅ ጥበብ አትዩት። በርበሬና ዘይት የተቀባ እንጀራ ጠቅልሎ ያደገ ሰው ይሄ አያቅተውም። ኖሪው እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ አንዱ ፊቱ ያብረቀርቃል ሌላው ሸካራ ነው፣ የሚያብረቀርቀው ወደ ውጭ፣ ሩዙ ሸካራው ላይ። እጃችሁን ውሃ ነክራችሁ ሩዙን ስስ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ ስስ ስል በሩዙ መሀል ጥቁሩ ትንሽ ትንሽ እስኪታይ፣ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ሩዝ አብዝቶ ነው። ከላይ በኩል ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተዉ። ሳልመኑን፣ ቀጭን የተቆረጠ ኪያርና አቮካዶ ከስር በኩል አስቀምጣችሁ በአንድ ትንፋሽ ጠቅልሉ፣ ባዶውን ጫፍ በውሃ አርጥባችሁ ለጥፉ። ቢላውን በየቁርጡ አርጥቡት፣ ደረቅ ቢላ ይጎትተዋል። የቀርከሃ ምንጣፏ የግድ አይደለችም፣ ንፁህ ፎጣ ላይ ፕላስቲክ ዘርግታችሁ ያው ነው።

ለትምህርት ቤት ግን እኔ የምወደው ሌላ አለ፣ ጃፓኖች ኦኒጊራዙ ይሉታል፣ አይጠቀለልም ይታጠፋል። ኖሪውን ጫፉ ወደ እናንተ እንዲሆን በሰያፍ አስቀምጡት፣ መሀሉ ላይ ሩዝ፣ ሳልመን፣ ኪያር፣ እንደገና ሩዝ፣ ከዚያ አራቱን ጫፍ እንደ ፖስታ ወደ መሀል አጥፋችሁ ገልብጡና አምስት ደቂቃ ተዉት፣ ቅጠሉ ይለሰልስና ይያያዛል፣ መሀሉን ሁለት ቦታ ቁረጡት። ሳንድዊች ነው በቃ። የስድስት አመት ልጅ ይሰራዋል፣ የእኔው ትንሹ ይሰራዋል። ምሳ እቃው ውስጥ የቀዘቀዘ ጄል ፓኬት አብራችሁ ክተቱ። ማታ ሰርቶ ፍሪጅ ማሳደር ይቻላል ግን ሩዙ እንደ ኖራ ይደርቃል አይጣፍጥም፣ የሚሻለው ሩዝ ማብሰያውን ማታ በሰአት ሞልቶ (ውሃና ጥሬው ሩዝ ብቻ) ጠዋት ትኩሱን ማግኘት ነው። ፍሪጅ ያደረ ሩዝ ካላችሁ አንድ ጠጠር በረዶ ላዩ አስቀምጣችሁ ሸፍናችሁ ማይክሮዌቭ አድርጉት፣ በእንፋሎቱ ይለሰልሳል፣ የቲክቶኳ ዘዴ ነው፣ ይሰራል።

ዋሳቢ ፍለጋ ደግሞ አትንከራተቱ። እዚህ በቱቦ የሚሸጠው አረንጓዴው ነገር አብዛኛው ትክክለኛ ዋሳቢ አይደለም፣ ሆርስራዲሽና ሰናፍጭ አረንጓዴ ቀለም ገብቶበት ነው። ታዲያ ሰናፍጭ ከሆነማ እኛ ቤት አለ አይደል? አፍንጫ ላይ ወጥቶ እንባ የሚያመጣው ነገር አንድ ነው። አንድ ጃፓናዊ የስራ ባልደረባዬን የባለቤቴን ሰናፍጭ አቅምሼው አይኑን እየጠረገ ስለ አሰራሩ ሲጠይቀኝ ዋለ።

አክስቴ ከወረታ መጥታ እኛ ጋ ስድስት ወር ከርማ ነበር። ባላርድ የሚባል ሰፈር አሳዎቹ ከባህር ወደ ሀይቅ የሚወጡበት በደረጃ የተሰራ መተላለፊያ አለ፣ 21 እርከን፣ በመስታወት ከውስጥ ሆነህ ሲዘሉ ታያለህ፣ ሀምሌ ላይ ወሰድናት። ስታይ ቆየችና "በክረምት ጉማራ ላይም እንዲህ ነው የሚወጣ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የጣና አሳም ዝናብ ሲመጣ ሊራባ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች ይወጣል፣ እኔ እዚያው ተወልጄ አላውቅም ነበር። ቀጥላ ግን "ይሄ ሁሉ ሲያልፍ ማንም አይዘውም?" ብላ ጠባቂውን ክፉኛ አየችው። እሷ ነች የሩዙን ነገር ያለ ማብራሪያ የገባት፣ ፎገራ ሩዝ የዘራ ሰው ነች። ወረዳው ሩዝ የለመደው በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ነው፣ ዛሬ ከጤፍ ጋር እንጀራ ይሆናል፣ ጠላም ይሆናል። የኮሪያ ጥቅልል ስሰራ አይታ ታሪኩን ስነግራት "ታዲያ ይሄን ሳያሳዩን ነው የሄዱት" አለች።

ለአገር ቤት አንባቢዎቻችሁ ይሄን ጨምሩልኝ። ሳልመን በሀይቆቻችን የለም፣ አዲስ አበባ ከውጭ ገብቶ በውድ ነው የሚሸጠው፣ ስለዚህ ለዚህ ብላችሁ ኪሳችሁን አትጉዱ። የቆሮሶ ፊሌ ጠብሳችሁ በአዋዜ ማዮኔዝ አላውሳችሁ ጠቅልሉት፣ ያምራል። የቆርቆሮ ቱናም ይሆናል፣ ኮሪያዎቹ ራሳቸው በቱና ይሰሩታል። ኖሪ ካጣችሁ ጎመን ቅጠል ለብ አድርጋችሁ ተጠቀሙ። ግን የሎሚው ነገር እዚያም ያው ነው። ሀዋሳ አሞራ ገደል ጥሬውን አሳ በአዋዜና በሎሚ መብላት የተለመደ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም በወጣትነቴ በልቻለሁ ጣፋጭ ነው አልዋሽም፣ የሀይቅ አሳም ግን ወደ ሰው የሚተላለፍ ትል ይይዛል፣ ዛሬ ልጄን አላበላትም።

ነፍሰጡር እህቶችም ይጠይቁኛል። የበሰለ ሳልመን ሜርኩሪው ዝቅተኛ ከሚባሉት አሳዎች ነው፣ ለእርጉዝ ከሚመከሩት ውስጥ ነው። የተከለከለው ጥሬውና ያ በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው በቀዝቃዛ ጭስ የተዘጋጀው ስስ ሳልመን ነው፣ እሱ የበሰለ ይመስላል ግን አልበሰለም፣ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። በፆም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ፣ በዚህ ጉዳይ አማቴና እኔ ተኳርፈን እናውቃለን። እኛ ቤት በፆም ቶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር አይብ በአዋዜ ተጠብሶ ከካሮትና ከአቮካዶ ጋር ይጠቀለላል፣ ማዮኔዙ እንቁላል ስላለበት ይቀራል፣ በምትኩ ተልባ ወይም ሰሊጥ የተፈጨ።

ብዙ ፃፍኩ ይቅርታ፣ ቦታ ካነሳችሁ ስለ ቀለሙ ያለውን ቁረጡት፣ የሎሚውንና የሩዙን ግን እባካችሁ አትንኩ። ለፀሐፊዋ እህቴም ሰላምታዬን አድርሱልኝ፣ ሲያትል ከመጣች ሱቅ ጎራ ትበል ፊሌ ቆርጬ እሰጣታለሁ፣ እሾሁንም እኔ ነቅዬ። በቀጣዩ እትም ላይ ስለ ሰናፍጭ አሰራር ብትፅፍልን ደግሞ ደስ ይለኛል፣ ያ ጃፓናዊ ባልደረባዬ እስካሁን እየጠየቀኝ ነው፣ ባለቤቴ ደግሞ ልኩን አትናገርም።

አክባሪያችሁ
አሳ ሻጩ አንባቢያችሁ፣ ከሲያትል